ከታች ያለችው አቧራ

ይህ ቤት ጠዋት ጠዋት ሻይ ከመፍላቱ በፊት ኢሜይል ይመልሳል። ጉድ ነው ለሚል፣ አዎ ጉድ ነው፤ ግን ጉድም ሲሰነብት ይለመዳል። አባትየው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ሊከቱት እስኪመስል አስጠግተው፣ ልጃቸው ከመሥሪያ ቤቷ የላከችላቸውን የሥልጠና ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። ከዚያ ይመልሳሉ። እሷማ “እሺ ብለው ቢመልሱ ይበቃል” ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰው ይህን ያህል ጽፎልህ እሺ ብሎ ማለፍ ነውር ነው ባይ ናቸው። “ለተከበራችሁ የሥልጠና ማዕከል፤ የሽያጭ ጥበብን የሚመለከተው መልእክታችሁ ደርሶኛል። በዕድሜዬ ምክንያት መሳተፍ ባልችልም ሐሳቡ መልካም ነው። አመሰግናለሁ።” ይህን በአንዲት ጣት፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ ይጽፉታል። ሻዩ እስኪፈላ አይደለም፣ ፈልቶ እስኪበርድ ይቆያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገፍ ኢሜይል የሚልክ ድርጅት እንደ ሰው ስም አለው። የላከው ከተከፈተ፣ ከተነበበ፣ መልስ ካገኘ ስሙ ያምራል፤ ደብዳቤውም ሰው ፊት ይቀርባል። የደረሰው ሰው ተናድዶ “አይፈለጌ” የምትለዋን ቁልፍ ከተጫነ ግን ስሙ ይጎድፋል፤ መጉደፉ ከበዛ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚልከው ሁሉ ማንም ዞር ብሎ ወደማያየው ሳጥን ይገባል። ስለዚህ ስም ማሞቅ የሚባል ሥራ አለ። ዘመድ አዝማድ ይለመናል፤ ይከፍታል፣ ይመልሳል፣ አይፈለጌ ውስጥ የወደቀ ካለ ያወጣል። የዚህ ቤት ልጅ እንጀራዋ ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ “እርግብ” ይሏታል፣ መልእክት አመላላሽ ናት ለማለት፤ እቤትም ስሙ ገብቶ ቀርቷል። ታናሽ ወንድሟ ታክሲ ነጂ ነው፤ ተሳፋሪ እስኪሞላለት መሪው ላይ ተደፍቶ “ተባረኩ”፣ “ለኛም ይድረሰን” እያለ ይመልስላታል። የልብ መላሿ ግን አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሱቅ ሰሌዳ ጻፊ ናቸው፤ ፊደል ላይ ቀልድ አያውቁም።

“ይቺ ስልክ ታች ላይ የማትለቅ አቧራ አለቻት” አሉ ያን ቀን ጠዋት፣ መስታወቱን በሹራባቸው እጅጌ እየወለወሉ።

“ምንም አይደለችም አባባ፣ ይተዉት” አለች እርግብ፣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሠረች።

ቤቱ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የአባባ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የጋዝ ምድጃና ባሏ ከሞተባት ጎረቤት የተገዛ ቁም ሣጥን አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ እርግብ ትተኛለች፤ ወንድሟ ማታ ማታ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋል። ግድግዳው ላይ የአባባ ብሩሾች፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ፣ ጠጉራቸው ወደ ላይ ሆኖ ተሰድረዋል። ከእነሱ ጎን ለደንበኛ የሚያሳዩት የናሙና ሰሌዳ አለ፤ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ፊደል የተደረደረበት። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ብሩሽ አልነኩም። የዓይን ግፊት ነው የተባለው። ሕመም የለው፣ ምልክት የለው፣ ከዳር ከዳር እየበላ ገብቶ አንድ ቀን ሲነቁ በግራ በኩል ያለው ዓለም የለም። ሐኪሙ ቀኙም እዚያው መንገድ ላይ መሆኑን ነግሯቸዋል። በጊዜ በቀዶ ሕክምና ከተያዘ ባለበት ይቆማል፤ የሄደው ግን አይመለስም። ከዚያ ወዲህ አባባ ሽንኩርት ይላጡ ሲባሉ፣ አልጋ ያራግፉ ሲባሉ፣ “አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም” ብለው ይስቃሉ። እነሱም ይስቃሉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ሐኪሞች ከሌላ አገር በዓመት አንዴ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። አባባ ቦታ ተይዞላቸዋል። ሆስፒታሉ ቦታ ለያዘላቸው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አዟል፤ መምጣታችሁን በኢሜይል አረጋግጡ፣ ያላረጋገጠ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ላረጋገጠ ቀንና ሰዓቱን እንጽፋለን። ያኔ ወንድምየው “በዚያ በኩል ነው መንገዴ፣ ማረጋገጫውን በወረቀት በእጄ ላድርስ” ብሎ ነበር። እርግብ ሳቀችበት። በዚህ ዘመን ወረቀት ይዞ መዞር ምን ይሉታል አለች። አባባም ደገፏት፤ ከመሥሪያ ቤትሽ አድራሻ ላኪው፣ ከተራ ሰው የመጣ ማን ያየዋል፣ መሥሪያ ቤት ሲጽፍ ግን መሥሪያ ቤት ይመልሳል አሉ። እሷም ይህን ነበር የምታምነው። የድርጅቱ ስም ከስሟ ጎን ሲቀመጥ ደረቷ ነፋ ይልላት ነበር። አባባ እጅ እጇን እያዩ አስጻፏት፣ እሷም መሥሪያ ቤት ወስዳ ላከችው። መልስ ግን እስካሁን አልመጣም።

ወንድሟ ዳቦውን በሻይ እየነከረ በር ላይ ቆሟል። ዳቦ ደግሞ ጨመረ፣ ዋጋው ሲጨምር ያነሰው መጠኑ ነው እያለ ሲያጉረመርም ቆየና ድንገት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ትናንት ከሆስፒታሉ ደጃፍ አንዲት ሴትዮ ጭኜ ነበር። እንግዶቹ ሐኪሞች ሥራ ጀምረዋል አለችኝ።”

እርግብ ክሩን ፈትታ እንደገና አሠረችው። “ይጽፉልናል። ገና በየተራ ነው የሚጠሩት።”

ወንድሟ የቀረውን ዳቦ ጎረሰ። አባባ የሰሙ አልመሰሉም፤ አመሰግናለሁ የምትለው ላይ ደርሰው “ሰ”ን እየፈለጉ ነበር። እሷ ግን አባቷን ታውቃለች። እንዳልሰሙ የሚሆኑት ሲሰሙ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች የአዲስ ቆዳ ሽታ ይወጣል፤ ከላይ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ሲያፏጭ ይውላል። እርግብ ስትገባ ሁሉም ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ተናጋሪ ሰው ነው፤ ሲናገር ሰው ያሳምናል፣ ራሱንም ጭምር። ያን ቀን ግን አፉ ደርቋል። አዳራሽ ተከራይቷል፣ ወንበሩ ተቆጥሯል፣ አሠልጣኙ ቀብድ በልቷል፣ የተመዘገበ ሰው ግን የለም። ይህን ሁሉ ኢሜይል ልከን አንድ ሰው እንኳ እንዴት አያየንም ይላል። ኮምፒውተሩን የሚይዘው ቀጫጫ ልጅ፣ ሽቦ የሚሉት፣ የራሱን ስክሪን ወደ ሁሉም አዞረው።

“ስማችን ጠፍቷል” አለ።

ስሙ እንዴት እንደጠፋ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሠርግ ላይ ከተዋወቀው ሰው አድራሻ በፍላሽ ሙሉ ገዝቶ መጣ። የድርጅት፣ የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክ፣ የቢሮ፣ ያለውም የሞተውም አድራሻ ተቀላቅሎ። ሽቦ ቀስ እያልን በጥቂት በጥቂቱ እንላክ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሥልጠናው ደርሷል፣ ማንን ነው የምንጠብቀው አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእነሱ ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀምም አልነበረም። የላከችው እርግብ ናት። እንዲያውም ያ ሁሉ መልእክት አንድ ላይ ሲወጣ ስታይ ደስ ብሏታል። በዚያ ላይ ሌላ ሥራ ሠርታለች። ከመልእክቱ ግርጌ፣ መቀበል የማይፈልግ ሰው የሚጫናት አንዲት መስመር አለች፤ ትኑር የሚል ደንብ አለ። ብዙ ሰው ይጫናት ነበር። ሥራ አስኪያጁ በገዛ ቤታችን መውጫ በር እያሳየናቸው ብሎ ሲማረር ዘዴውን ያመጣችው እርግብ ናት። መስመሯን አሳነሰቻት፣ ቀለሟን አመድ አስመሰለቻት። መስመሯ አለች፤ ግን አትታይም። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበና ምሳ ጋበዛት፤ እርግብ ጭንቅላት አላት ብሎ ለሁሉም ተናገረ። መውጫ ያጣ ሰው ደግሞ ያለውን ያደርጋል፤ አይፈለጌ የምትለዋን ይጫናል። የጫኑት ብዙ ናቸው።

“እና የሥልጠናው መልእክት ነው እንጂ የሚታገደው፣ ተራ ደብዳቤ አይነካም አይደል?” አለች እርግብ። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም።

“ሁሉም። በዚህ ስም ከወጣ፣ ለእናትሽ ደኅና ዋልሽ ብትያትም አይፈለጌ ውስጥ ነው የሚያድረው።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከትልቁ መላክ ወዲህ” አለ ሽቦ።

የአባባን ደብዳቤ የላከችው ከትልቁ መላክ በኋላ ነው። ምሳ ከተጋበዘች በኋላ፣ ጠግባ ተመልሳ፣ ወንበሯን እያወዛወዘች ነው የላከችው። እስካሁን ያልጠረጠረችው እቤት ሁሉም ስለሚደርስ ነበር። አባባ ያነባሉ፣ ወንድሟ ተባረኩ ይላል፣ አክስቷ የልብ ምልክት ትልካለች። ለካ እቤት የሚደርሰው ዘመድ ስለሚከፍተው ነው፤ ዘመድ ያልሆነው ሰው ሁሉ ደጃፉን ከዘጋ ሰንብቷል። ዘመድ ሲያወድስ ሰምቶ አገር ወደደኝ ማለት ይኸው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ግን ወዲያው ነፍስ ዘራ። ስም ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው፣ ሌላ ስም እንገዛለን አለ። ዋጋውን ጠየቀ፤ ሽቦ ነገረው፤ ከታች ካለው መደብር አንድ ጥንድ የሕፃን ጫማ አይገዛም። ሰው ሲሆን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የዚያ ድርጅት ስም ግን ከምሳ በፊት ተለወጠ። ሁለት ፊደል ጨመሩበት፣ አለቀ። ከዚያ ወደ እርግብ ዞሮ ዛሬ ማታ ማሞቅ ጀምሪ፣ በአባትሽ ጀምሪ፣ እሳቸው ደኅና አድርገው ነው የሚመልሱት አላት። እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ነበር። አባቴ ሆስፒታል ጉዳይ አለባቸው አለች። እግዜር ይማራቸው፣ ሂጂ፣ ማታ ግን እንዳትረሺ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

አውቶቡሱ ሞልቶ ቆማ ሄደች። በመስኮቱ የአባቷ እጅ ያለባቸው ሱቆች አለፉ፤ ልብስ ስፌት፣ ሰዓት ጥገና፣ ከፊሉ ቀለሙ ለቆ፣ ከፊሉ በፕላስቲክ ማስታወቂያ ተሸፍኖ። ልጅ ሳለች መሰላሉን ትይዝላቸው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሄደሽ አንብቢልኝ ይሏታል፤ ካነበበች ይወርዳሉ፣ ካላነበበች ያወፍሩታል። ይህን አሁን ለምን እንዳስታወሰች ታውቃለች፤ ባታውቀው በወደደች። መንገዱን ሁሉ ገና ነው፣ ገና ነው እያለች ለራሷ ስታወራ አጠገቧ የቆመች ሴት ዞር ብላ አየቻት።

የሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ረጅም፣ አረንጓዴ ቀለም እስከ ወገቡ የተቀባ ክፍል ነው። ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲነሣ ሁሉም ይነቃነቃል። መዝጋቢዋ ደርባባ ሴት ናት፤ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከስክሪኑ ጎን በተቀመጠ ኩባያ ውስጥ እስክሪብቶ ስትፈልግ ነበር። እርግብ የአባቷን ስም ነገረቻት። መዝጋቢዋ ፈለገችና ራሷን ነቀነቀች።

“ቦታ ነበራቸው። አላረጋገጡም፣ የኔ እናት። ለተጠባባቂ ተሰጠ።”

“አረጋግጠናል። በኢሜይል ልኬያለሁ።”

መዝጋቢዋ ሳትቆጣ እንደገና ፈለገች። የለም አለች። እርግብ የት እንደሚፈለግ ታውቃለች፤ እንጀራዋ ነው። እስቲ አይፈለጌውን ይክፈቱልኝ አለች። መዝጋቢዋ ከፈተችና፣ ሰው የቤቱን ጓዳ ሲያሳይ እንደሚያፍረው ዓይነት ፈገግ ብላ ስክሪኑን አዘነበለችላት።

እርግብ ያየችው የራሷን እጅ ነው። “ሽያጭዎ እንቅልፍ ነሥቶዎታል?” “ለእርስዎ ብቻ የተያዘ ወንበር።” “የመጨረሻ ዕድል።” ሁሉንም የጻፈችው እሷ ናት፤ አንዳንዱን አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ መጋረጃው ወዲያ አባባ ሲያስሉ እየሰማች ነው ያሰበችው። መዝጋቢዋ ወደ ታች ወረደች። “የመጨረሻ ዕድል” በሚለውና “የመጨረሻ ዕድል፣ ተራዝሟል” በሚለው መካከል፣ ድምቀት የለው ጥያቄ ምልክት የለው፣ “የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮን ስለማረጋገጥ” የሚል ተቀምጧል።

“እነዚህን ሰዎች አታውቂያቸውም፣ አያድርስ ነው” አለች መዝጋቢዋ፣ ደብዳቤውን ገና ሳትከፍተው። “ጠዋት ይልካሉ፣ ማታ ይልካሉ። እኔን ምን ሽያጭ ሊያሠለጥኑኝ ነው። በቃችሁ የምልበት ቦታ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ የለም። በመጨረሻ አይፈለጌ ብዬው ተገላገልኩ።” ከዚያ ደብዳቤውን ከፈተች፤ የላኪውን ስም አየች፤ ወደ ላይ ወጥታ የሌሎቹንም አየች። እጇ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ቆመ። “የናንተም በዚሁ ስም ነው የመጣው።”

እርግብ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የመሥሪያ ቤት ባጅ በእጇ ሸፈነችው። ዘግይታለች፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መዝጋቢዋ ባጁን አይታለች፣ ስክሪኑን አይታለች፣ መልሳ እሷን አየቻት። እርግብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

“እዚያ ነው የምትሠሪው?”

“አዎ።”

ሴትዮዋ ብትሰድባት፣ እሰይ፣ የእጃችሁን ነው ብትል፣ እርግብ ቢያንስ መልሳ የምትለው አታጣም ነበር። ሴትዮዋ ግን ደብዳቤውን ድምፅ አውጥታ፣ በቀስታ ማንበብ ጀመረች። “ለተከበረው ሆስፒታል፤ ለቀዶ ሕክምና የያዛችሁልኝን ቦታ በታላቅ ደስታ እቀበላለሁ። በተባለው ቀን ጾሜ፣ ታጥቤ፣ ቀድሜ እገኛለሁ። ተራዬ ቢዘገይም ቅር አይለኝም። ዓይኔ እስካሁን ፊደል ይለያል።” አንብባ ስትጨርስ ሹራቧን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። ምን ያለ ጨዋ ደብዳቤ ነው አለች። ከዚያም ተነሥታ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ወረፋው እያጉረመረመ እርግብን ወደ ነርሷ ይዛት ሄደች። ከዚህ በላይ ሰው ለሰው ምን ያደርጋል።

ነርሷ ያለውን ነገረቻቸው። የነገም የከነገ ወዲያም ቦታ ሞልቷል፤ ከዚያ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ። የሚመጣው ዓመት ይመጡ ይሆናል፤ እንደ በጀቱ ነው። እርግብ አልጋ ባይኖር ወንበር ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማታ ላይ እያለች ለመነች፤ ለልመና አዲስ ስለሆነች ሁሉንም አንድ ላይ አለችው። ነርሷ ካርዱን አውጥታ የግፊቱን ልክ አየች፣ የመጨረሻውን ምርመራ አየች። ዓይናቸው እስከዚያ ይቆያል ወይ ብላ እርግብ ጠየቀች። ነርሷ ካርዱን ወደ ቦታው እየመለሰች “የዓይን ጠብታቸውን እንዳያቋርጡ” አለቻት። መልሱ ይኸው ነበር፤ እርግብም ገብቷታል።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰውዬ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ብርቱካን እየላጡ በእጃቸው ያቀብሏቸዋል። ሴትዮዋ አጠገባቸው ለተቀመጠች አስታማሚ ይተርካሉ። “እኛማ ተጠባባቂ ነበርን። ተስፋ ቆርጠን ስንቀመጥ አንድ ሰው ቀረና ተደወለልን። ያን የቀረ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ እግዜር ብድሩን ይመልስለት።” ሰውዬው በደከሙ ዓይኖቻቸው ወደ ሴትዮዋ ድምፅ ዞረው ፈገግ ይላሉ። እርግብ ልትጠላቸው ሞከረች። አቃታት፤ እግሯ ፈጠን አለ እንጂ።

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። የወንድሟ ታክሲ በር ላይ ቆሟል፤ በዚህ ሰዓት ቆሞ አያውቅም። ከመኪናው ወርዶ ፊቷን አየ። በእጄ ላድርስ ብዬ ነበር አላለም። እሷም እንዳይል እየፈራች፣ ቢልላት ደግሞ እየወደደች፣ በአጠገቡ አልፋ ገባች። ተከትሏት ገብቶ የጠዋቱን የሻይ ብርጭቆዎች ማጠብ ጀመረ፤ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው። ምን ይባላል? ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። ቁጭ ብላ ነገረቻቸው። ልትለሰልሰው አስባ ነበር፤ ስትጀምር ግን ሁሉም አንድ ጊዜ ወጣ፤ ቦታው ለሌላ መሰጠቱ፣ ሐኪሞቹ ሊሄዱ መሆናቸው፣ ደብዳቤው የት እንደተገኘ። አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ቀኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡት፤ እንደገና ጨፍነው ገለጡት። ከዚያ ሌላ ነገር ሁሉ ትተው አንድ ነገር ጠየቁ።

“ደብዳቤዬ ግን ደርሶ ነበር?”

“ደርሷል አባባ። ያየው ሰው የለም እንጂ።”

“የምትመዘግበው ሴት አነበበችው?”

“አነበበችው። ጨዋ ደብዳቤ ነው አለች።”

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ተጽናኑ ለማለት አይቻልም፤ ግን ነቀነቁ። ወንድምየው የታጠበውን ብርጭቆ መልሶ አጠበው። በዚህ መሐል አልጋው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ሽቦ ነው፤ አዲሱን ስም አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን መልእክት እንደታዘዘው ለአባባ ልኳል። እርግብ ልታነሣው እጇን ዘረጋች፤ አባባ ቀደሟት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ከጠዋቱም ይልቅ የተጠጋ መሰላት። እስከ ታች ወረዱ። ከዚያ የሹራባቸውን እጅጌ ጎትተው የስልኩን ግርጌ ወለወሉ።

“ይቺ አቧራ አሁንም አለች።”

እርግብ ጠዋት ይተዉት ብላቸው ነበር። አሁን አልቻለችም።

“አቧራ አይደለችም፣ አባባ። ጽሑፍ ናት።”

“ምን ትላለች?”

“መልእክታችን ካስቸገርዎ እዚህ ይጫኑ፣ እናቆማለን ትላለች። ሰው እንዳያያት ብዬ እኔ ነኝ ያሳነስኳት። ሆስፒታል ያለችው ሴትዮ ፈልጋ ያጣችው እሷን ነው።”

ወንድሟ ውሃውን ዘጋው። አባባ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ብሩሾቻቸው ዞሩ። ይቆጡ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ ተቆጥተዋት የማያውቁትን ያህል ይቆጧት ዘንድ ተመኘች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ የአባቷን ፊት ማየት አቅቷታል።

“ማዶ ሄዶ ያነበበልሽ አልነበረም” አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ስልኩን እንደገና አነሡ።

“አባባ፣ ዛሬ ይቅርብዎ። ሁለተኛም ይቅርብዎ።”

“ተይ። ሰው ጽፎልኝ አላልፍም። ዓይኔ ሳለ ልጨርሰው።”

አንዲቷን ጣታቸውን አውጥተው ፊደሎቹ ላይ አንዣበቡ። “ደ”ን አገኟት። “ር”ን ፈለጉ፤ አጠገቧ ያለችውን ነክተው አጠፉ፤ እንደገና ፈለጉ። እርግብ ጣታቸውን ይዛ ልትመራቸው ፈለገች፤ አልደፈረችም። ብዙ ቆይተው ጨረሱና እንድታነብላቸው ስልኩን ሰጧት።

“ደርሶኛል” ይላል።